አምስት ሚሊ የቀረው የዋንዛ ሳንቃ

ሰው ፊት ለፊት ሲያየኝ ምላሴ ይታሰራል፤ ወረቀት ግን አያየኝም። ስለዚህ ሆሳዕና ውስጥ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ከሰኞ እስከ ረቡዕ የሆነውን በጽሑፍ ልንገራችሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የፊደል ስህተት ብታገኙ እለፉኝ።

ሙኒራ እባላለሁ። ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። እናቴ ታማ ከትምህርት ቤት ስቀር ጋሽ በድሩ የሚባሉ የአባቴ ወዳጅ፣ «ልጅቷ እኔ ጋ ትምጣ፣ እጇ ሥራ ይልመድ» ብለው ወደ ሥራ ቤታቸው ወሰዱኝ። የተሰጠኝ ሥራ ማለስለስ ነው። ሌላው የቆረጠውንና የገጠመውን እንጨት እኔ በብርጭቆ ወረቀት እፈትጋለሁ፣ ከዚያ ቫርኒሽ እቀባለሁ። ስንት በር፣ ስንት ቁም ሳጥን በእጄ እንዳለፈ አላውቅም። ማሽን ግን ነክቼ አላውቅም ነበር። አልተከለከልኩም፤ አልጠየቅኩም እንጂ።

ማሽኑ የተሾመ ነበር። ተሾመ ዋናው አናጢያችን ነው፤ ትከሻው የበር ያህል ይሰፋል። በእጅ መላጊያ እሱን የሚያህል በከተማው የለም ይባላል። ደረቱን ጥሎ አንዴ ሲገፋ ፍቅፋቂው እንደ ሪባን እየተጠቀለለ ይወጣል። ቀልድም ይወዳል። እኔን «ዝምተኛዋ ሬዲዮ» ነበር የሚለኝ።

ሰኞ ጠዋት አንድ አይሱዙ ከጊምቢቹ መጣ። ላዩ ላይ አንድ ሳንቃ ብቻ ነበር። አንድ፣ ግን ምን ዓይነት! ርዝመቱ ሁለት ሜትር ተኩል፣ ስፋቱ ሜትር ሊሞላ አምስት ሳንቲም የቀረው፣ ውፍረቱ ሰባት ሳንቲም የሆነ ዋንዛ፤ ቅጥያ የሌለው ወጥ እንጨት። ስድስት ሰው ተረዳድቶ አወረደው። ባለቤቱ አቶ ኤርሲዶ የሚባሉ፣ ድሮ የጭነት መኪና ሾፌር የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ዛፉ ግቢያቸው በር ላይ የነበረ ነው፤ ንፋስ ጥሎት፣ አስሰንጥቀው ሦስት ዓመት ጎተራ ውስጥ አድርቀውታል።

«ጠረጴዛ እፈልጋለሁ» አሉ፣ «ለያሆዴ ልጆቼ በሙሉ ይመጣሉ። ሰባቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለባቸው።»

ያሆዴ፣ የሀዲያ ዘመን መለወጫ በዓል፣ ሊደርስ ሁለት ሳምንት አልቀረውም። ጋሽ በድሩ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ሳንቃውን በአንድ ዓይናቸው አዩት።

«አባባ፣ ይሄ ጠማማ ነው። አንዱ ጥግ ተነስቷል፤ እዩት። ማቃኛ ማሽናችን ደግሞ ሃምሳ ሳንቲም ብቻ ነው የሚውጠው። ለሁለት ሰንጥቄ፣ አቃንቼ፣ መልሼ ባጣብቀው ይሻላል። መስመሩ ብዙም አይታይም።»

ሽማግሌው እጃቸውን ሳንቃው ላይ አሳረፉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሁለቱ ወንዶች ልጆቼ መሬት ተካፍለው ተኳርፈዋል፤ ሰላምታም የላቸው። እነሱን የማስቀምጥበት ጠረጴዛ ላይ መሃሉን የሚከፍል መስመር እንዲያዩ አልፈልግም። የምትሰነጥቀው ከሆነ እንጨቴን መልስልኝ።»

ጋሽ በድሩ እሺ አሉ። እኔ ከቫርኒሽ ቆርቆሮዎቹ ኋላ ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ።

ጋሽ በድሩ ያሰቡት በራውተር ለማቃናት ነው። ራውተር በሁለት እጅ የሚያዝ፣ ከሥሩ ምላጭ የሚሽከረከርበት ማሽን ነው። እኛ ቤት ጠርዝ ማስጌጫ ብቻ ነበር። ትልቅ ሳንቃ ለማቃናት ግን ከሳንቃው ግራና ቀኝ ሁለት ቀጥ ያሉ ጣውላዎች እንደ ሐዲድ ይታሰራሉ። በእነሱ ላይ የሚንሸራተት ድልድይ ይሠራል። ራውተሩ ድልድዩ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲሄድ ምላጩ መሃል ላይ በተከፈተው ቀዳዳ ወርዶ ከፍ ያለውን ሁሉ ይበላል። ሳንቃው ቢጣመምም ሐዲዱ ቀጥ ካለ ፊቱ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

ተሾመ ድልድዩን በሁለት ሰዓት ውስጥ በኮምፔንሳቶ ሠራው። ጫፍና ጫፉ ላይ እጀታ አደረገለት። ቃሬዛ መሰለ፤ ስሙም ቃሬዛ ሆኖ ቀረ።

«በሽተኛውን እንጀምር!» ብሎ ማሽኑን ለኮሰው።

ጩኸቱ ጆሮ ይበሳል፤ ሰጋቱራው እንደ ጉም ቤቱን ሞላው። ተሾመ እንደ ልማዱ ደረቱን ጥሎ ገፋ። ማታ ሥራ ስንጨርስ ሳንቃው የታረሰ ማሳ ይመስል ነበር፤ መስመር በመስመር።

«ችግር የለም» አለ፣ «ነገ ዝቅ አድርጌ እደግመዋለሁ።»

ማክሰኞ ዝቅ አድርጎ ደገመው። ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው መብራት ጠፋ። ተሾመ «ኤጭ!» ብሎ ማሽኑን ባለበት ትቶት ሻይ ሊጠጣ ወጣ። ማብሪያውን አላጠፋም። ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ መብራቱ መጣ፤ ማንም ያልያዘው ራውተር ብቻውን ተነስቶ ጮኸ፣ ዘለለ፣ ዞረና ሳንቃውን መሃሉ ላይ ነከሰው። ጋሽ በድሩ ሮጠው ሶኬቱን ነቀሉት።

ሁላችንም ጎንበስ ብለን አየን። መዳፍ የሚያህል ጉድጓድ። ጋሽ በድሩ ለኩት፤ ጥልቀቱ አራት ሚሊ ነው። ከዚያ የሳንቃውን ውፍረት ለኩ። ሰባት ሳንቲም የነበረው አምስት ሆኗል።

«እንግዲህ ስሙኝ» አሉ፤ ድምፃቸው ደርቋል። «እግሮቹ ተሠርተው አልቀዋል። ሳንቃው ከአራት ሳንቲም ተኩል ከሳሳ ውስጡ የሚሰካው የእግሩ ጫፍ በላይ በኩል ብቅ ይላል። ያለችን አምስት ሚሊ ናት። ጉድጓዱ ደግሞ አራቱን ይወስዳል። አንዲት ሚሊ ናት የምትተርፈን። ነገ እስከ ቀትር ካልሆነ ሰንጥቄ አጣብቀዋለሁ፤ ለሽማግሌው እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ተሾመ አልቀለደም። ፊቱን በእጁ ጠረገና፣ «ሙኒ፣ እስኪ መስመሮቹን አጥፊልን፣ ምን እንደሚመስል እንየው» አለኝ።

የብርጭቆ ወረቀቴን ይዤ ገባሁ። መስመሮቹ በቀላሉ ጠፉ። ከዚያ እንደማደርገው ዓይኔን ጨፍኜ መዳፌን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬድኩ። እጄ ወረደ፤ ከዚያ ወጣ። እንደገና አስኬድኩ፤ ወረደ፣ ወጣ። ስለ ጉድጓዱ አይደለም የማወራው፤ ከጉድጓዱ ራቅ ባለውም ቦታ እንዲሁ ነው። መሃሉ በሙሉ እንደ ሰፌድ ጎድጉዷል። ሪጋውን፣ ግንበኞች ግድግዳ የሚያቃኑበትን ቀጥ ያለ አሉሚኒየም፣ አመጣሁና ጋደም አደረግኩት። ጫፎቹ ነኩ፤ መሃሉ ላይ ግን የክብሪት እንጨት ያስገባል።

ለምን? ሐዲዱ ቀጥ ነው፤ በክር ሲያስተካክሉት አይቻለሁ። ምላጩ አዲስ ነው። ይህን እያሰብኩ ቀና ስል ተሾመ ለጋሽ በድሩ እንዴት እንደሠራ ሊያሳያቸው ቃሬዛው ላይ ተደግፏል። የቃሬዛው ሆድ ወደ ታች ሲለጠጥ አየሁት! በዓይኔ! ተሾመ ቀና ሲል ሆዱ ተመለሰ።

ልቤ ደረቴን መታ። ማሽኑ አይደለም፤ ክብደቱ ነው! መላጊያ ካልተጫኑት አይበላም፤ ተሾመ ዕድሜውን ሙሉ ተጭኖ ነው የሠራው። ራውተሩ ግን በራሱ ይበላል። እሱ በተጫነው ቁጥር ድልድዩ መሃሉ ላይ ይረግባል፣ ምላጩም አብሮ ይወርዳል። መስመሮቹም የመጡት አንዱን ትከሻ ከሌላው አብልጦ ስለሚጥል ማሽኑ እየዘመመ ነው።

አፌን ከፈትኩ።

«ምን?» አለኝ ተሾመ።

«ምንም» አልኩ።

ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ ብዬ አላስለፋችሁም። ረቡዕ ጠዋት ግን ሥራ ቤቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ለመጥረግ ብዬ የያዝኩት ቁልፍ ነበረኝ። እርግጠኛ መሆን ፈለግኩ። ቃሬዛውን ሐዲዱ ላይ አደረግኩ፣ ሪጋውን በጎኑ አስደግፌ፣ መሃሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ጎንበስ ብዬ ለማየት ስሞክር አልደርስ አለኝ። ስለዚህ በሆዴ ተኛሁበት፣ አንገቴን አዘቅዝቄ ክፍተቱን ማየት ጀመርኩ።

«ቢስሚላህ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጋሽ በድሩ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ተሾመ ከኋላቸው።

«ምነው ሙኒ፣ ቃሬዛ ላይ ተኛሽ? ልንሸኝሽ ነው እንዴ?» አለ ተሾመ። ሳቁ ከመንገድ ማዶ ይሰማል።

ለመነሳት ብሞክር ሻርፔ እጀታው ላይ ተይዟል። ማምለጫ የለኝም። ጋሽ በድሩ ግን አልሳቁም።

«ምን እያየሽ ነው?»

«ይረግባል» አልኩ።

«ምኑ?»

«ቃሬዛው። ሰው ሲጫነው ሆዱ ይረግባል። ለዛ ነው መሃሉ የጎደጎደው።» ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ተናግሬ አላውቅም ነበር። «እኔ ቀላል ነኝ፤ ግን በኔ እንኳን ሁለት ሚሊ ወረደ። እዩት።»

ጋሽ በድሩ ተንበርክከው አዩ። ብዙ ቆዩ።

«ተሾመ፣ ና አንተ ደግሞ ተደገፈው።»

ተሾመ ተደገፈ። ጋሽ በድሩ ከሥር ሆነው ያፏጩ ጀመር፤ እሳቸው ሲደንቃቸው ያፏጫሉ።

«ምን ላድርግ ታዲያ? ካልተጫንኩት ይበላል እንዴ?» አለ ተሾመ፤ ትንሽ ተቆጥቷል።

«ይሄ እኮ መላጊያ አይደለም» አልኩት። ከአፌ ሲወጣ እኔው ደነገጥኩ። «በራሱ ነው የሚበላው። አንተ መንገድ ብቻ ነው የምታሳየው።»

«ኧረ! ሬዲዮዋ ተከፈተች!» አለ፤ ቁጣው ወዲያው ወጣለት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በሩጫ ሆነ። ጋሽ በድሩ ጎረቤት ካለው ብረታ ብረት ቤት ሁለት አንግል ብረት ተውሰው አመጡና የቃሬዛውን ግራና ቀኝ በብሎን አሰሩት። ተኝቼበት አየሁ፤ ንቅንቅ የለም። ጋሽ በድሩ ደግሞ ሐዲዶቹ ላይ ጫፍና ጫፍ ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎች አጋድመው፣ የፊተኛውን አናት ከኋለኛው አናት ጋር በዓይናቸው አስተያዩ። አንዱ ዘንግ ዘንበል ካለ ሐዲዱ ተጣሟል ማለት ነው። አልተጣመመም። እኔ የሳንቃውን አራት ጥግ አንድ በአንድ ተጫንኩ። በሦስቱ ዝም አለ፤ አራተኛው ላይ «ጠቅ» አለ። ከሥሩ አየር አለ፤ ምላጩ ሲያልፍበት ይዘላል። የካርቶን ቁራጭ አጣጥፌ ወሸቅኩበት። እንደገና ተጫንኩ፤ ዝም።

«አሁን ማን ይገፋዋል?» አሉ ጋሽ በድሩ።

ተሾመ መጀመሪያ በወዳቂ ጣውላ ላይ ሞከረ። ላለመጫን በጣም ተጠነቀቀ፤ ግን መሃል ላይ ሲደርስ ትከሻው ሳያውቀው ወረደ። ጣውላው ላይ መስመር ወጣ። እንደገና ሞከረ፤ ያው ሆነ። ማሽኑን አጥፍቶ እጆቹን አያቸው።

«ሃያ ዓመት መጫን ያስተማርኳቸው እጆች በአንድ ጠዋት አልሰማም አሉኝ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ነይ።»

«እኔ?»

«ማን አለ ሌላ? ነይ እንጂ፣ አይነክስሽም። ይነክሳል፣ ግን አንቺን አይደለም።»

የሻርፔን ጫፎች ሸሚዜ ውስጥ ከትቼ አጥብቄ አሰርኩ። መነጽር አደረግኩ። ጋሽ በድሩ ማብሪያውን አሳዩኝ። ማሽኑ ሲነሳ እጄ ውስጥ እንዳለ ትልቅ ንብ ተንቀጠቀጠ። ወዳቂው ጣውላ ላይ ጀመርኩ። ፈርቼው ስለነበር ብዙ ዘገየሁ፤ እንጨቱ ተቃጥሎ ጠቆረ፣ ሽታው አፍንጫዬን ሞላው።

«አትቁሚበት!» ብለው ጮኹ ጋሽ በድሩ። «አትሩጪ፣ አትቁሚም! በእግር እንደምትሄጂ ሂጂ!»

በእርምጃ ልክ ሄድኩ። ሦስተኛው ጉዞ ላይ የማሽኑ ድምፅ አንድ ዓይነት ሆነ፤ አያቃስትም፣ አይጮህም። አጥፍቼ መዳፌን አሳረፍኩ። እጄ አልወረደም። አልወጣምም። ዝም ብሎ ሄደ! ጮኼ ልስቅ ምንም አልቀረኝም።

ወደ ትልቁ ሳንቃ ሄድን። በየዙሩ ምላጩን አንድ ሚሊ ብቻ ልናወርድ ተስማማን። «ቢስሚላህ» ብዬ ጀመርኩ። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ከዚያ ቃሬዛውን ትንሽ ገፋ፣ እንደገና። ተሾመ ቃሬዛውን ይዞ ይገፋልኛል፤ ጋሽ በድሩ ሰጋቱራውን ይጠርጉልኛል። አስቡት፤ ሁለቱ ለእኔ! አንደኛውን ዙር ስጨርስ ጫፎቹ ብቻ ተበልተዋል። በሁለተኛው ምላጩ ወደ መሃል ቀረበ። በሦስተኛው መዳፍ ያህል የነበረው ጉድጓድ የጠርሙስ ክዳን አከለ።

ጉድጓዱን የምታጠፋው አራተኛዋ ሚሊ ነች የቀረችው። ማሽኑን አውርጄ ልጀምር ስል በሩ ጨለመ። አቶ ኤርሲዶ ቆመዋል።

«ጠረጴዛዬን ላየው ብዬ ነው» አሉ። ከዚያ አዩኝ። መነጽሬን፣ ሰጋቱራ የለበሰ ፊቴን፣ በእጄ የያዝኩትን ማሽን። ወደ ጋሽ በድሩ ዞረው በሀዲይኛ፣ «የኔን እንጨት ለሕፃን ልጅ መለማመጃ ሰጠኸው?» አሏቸው።

የማልሰማ መስሏቸዋል። እኔም በሀዲይኛ፣ «አባባ፣ እየተለማመድኩ አይደለም። ሦስት ጊዜ አልፌበታለሁ። ይምጡና በእጅዎ ይንኩት» አልኳቸው።

ተሾመ አፉን በእጁ ያዘ። ሽማግሌው ቀስ ብለው መጡ፣ መዳፋቸውን አሳረፉ፣ ከጫፍ ጀምረው አስኬዱ። ጉድጓዱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄስ?»

ጋሽ በድሩ መሬት መሬት አዩ፤ ተሾመ ማሽኑን አየ። እኔው ነገርኳቸው፤ መብራቱ ሲመጣ ምን እንደሆነ፣ ስንት ሚሊ እንደቀረ፣ ካልጠፋ ሳንቃው እንደሚሰነጠቅ። የተሾመን ስም አላነሳሁም።

ሽማግሌው ባርጩማ ሳቡና ተቀመጡ። «እዚሁ ሆኜ አያለሁ» አሉ።

ጀመርኩ። የሰው ዓይን ጀርባዬ ላይ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ግን ጆሮዬ ማሽኑ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ጉድጓዱ ጋ ልደርስ ሁለት ጉዞ ሲቀረኝ ድምፁ በአንዴ ሞተ። መብራት ጠፋ።

ጣቴ ከጭንቅላቴ ቀድሞ ማብሪያውን አጠፋ። ሶኬቱን ተሾመ ራሱ ሄዶ ነቀለ፤ ሲመለስ አላየኝም። ማሽኑን ሳናነቃንቅ ምላጩ እንጨቱ ውስጥ እንዳለ ተውነው፤ ካነቃነቅነው ልኩ ይናጋል።

ጠበቅን። ጋሽ በድሩ ዙህር ሰግደው ተመለሱ። የቀጠሩት ቀትር አለፈ፤ ግን ስለ መሰንጠቅ ማንም አላነሳም። ሽማግሌው ካሉበት አልተነሱም።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። አባቴ ዳምቦያ ገበያ ልብስ እንደሚነግድ ሲሰሙ፣ «አውቀዋለሁ፤ ድሮ ዕቃውን ስጭንለት አንድ ቃል ሳይናገር ነበር ከአጠገቤ የሚቀመጠው» አሉና ሳቁ።

ትንሽ ቆይተው፣ «ፈርተሻል?» አሉ።

«አዎ።»

«እኔም» አሉ። «ታላቅየው ስልክ ደውሎ፣ እሱ ከመጣ አልመጣም አለኝ። ሁለታችሁም ካልመጣችሁ በዓሉን ብቻዬን እውላለሁ አልኩት። ይመጡ ይሆናል። ከመጡ የሚቀመጡበት ይኖራቸው።»

መብራቱ ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል መጣ። ሁላችንም አንድ ላይ ዘለልን። ሶኬቱን ሰካን፤ ማሽኑ ዝም አለ፤ ማብሪያው ጠፍቷልና። ከተቆረጠበት ቦታ ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ አድርጌ፣ ከእንጨቱ አላቅቄ፣ ከዚያ አበራሁት። ወደ ፊት። ቀስ፣ ግን ሳልቆም። ምላጩ ጉድጓዱ ላይ አለፈ። ሰጋቱራ ሸፈነው፤ ምንም አይታይም። ዙሩን ሳልጨርስ ላለማየት ከንፈሬን ነክሼ ቀጠልኩ፤ እስከ መጨረሻው ጫፍ።

አጠፋሁት። ጋሽ በድሩ በመጥረጊያ ጠረጉ። ጉድጓዱ የነበረበት ቦታ ላይ ሦስት ራስ ተጋጨ።

የለም!

ተሾመ ሪጋውን አምጥቶ ጋደም አደረገ። ጋሽ በድሩ የስልካቸውን መብራት ከኋላ አበሩበት። ብርሃን አላለፈም። በረጅሙ፣ በአጭሩ፣ ከጥግ ወደ ጥግ አዞሩት፤ የትም አላለፈም። ውፍረቱን ለኩ።

«አራት ሳንቲም ከስድስት ሚሊ!» ብለው ጮኹ። «አንድ ሚሊ ተረፈችን!»

ተሾመ ብድግ አድርጎ መላጊያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠኝና ማጨብጨብ ጀመረ። እኔ እየሳቅኩ አለቀስኩ፤ ሰጋቱራው ፊቴ ላይ ጭቃ ሆነ። አቶ ኤርሲዶ ሳንቃውን ደግመው ደጋግመው ዳሰሱትና፣ «ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ» አሉ።

ጠረጴዛው በዓሉ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ሄደ። ከበዓሉ ማግስት ሽማግሌው ለጋሽ በድሩ ደውለው እኔን እንዲያገናኙኝ ጠየቁ።

«ሰባቱም መጡ» አሉኝ። «ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀመጡ። አልተነጋገሩም። ግን ታናሹ የበዓሉን ምግብ፣ አታካናውን የያዘውን ሳህን ወደ ታላቁ ገፋ አደረገለት። ሳህኑ ሳይደናቀፍ እጁ ጋ ደረሰ። ታላቁም ጎረሰ።» ከዚያ ስልኩን ዘጉት። ታርቀዋል ብዬ አልዋሻችሁም። አላውቅም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ራውተር ያላችሁ ካላችሁ የማውቀው ይህችው ናት። አትጫኑት። ድልድዩን በብረት አጠንክሩት። እንጨቱ ከሥሩ «ጠቅ» እንዳይል አስደግፉት። ትንሽ ትንሽ አብሉት። መብራት ሲጠፋ ማብሪያውን አጥፉ። ከዓይናችሁ በፊት መዳፋችሁን እመኑ።

ራውተር የሌላችሁ ደግሞ ይህን ስሙኝ። ሰዎች ታሪኩን ሲሰሙ፣ «ፍርሃትሽ ጠቀመሽ፤ ስለፈራሽ ቀለል አድርገሽ ያዝሽው» ይሉኛል። ይህ እጄን በተመለከተ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን እኔ ሌላ ነገር ነው የማስበው። ማክሰኞ ከሰዓት ሁሉንም አውቄ «ምንም» ብያለሁ። ረቡዕ ጠዋት ጋሽ በድሩ ቃሬዛው ላይ ተኝቼ ባያገኙኝ ኖሮ፣ ሪጋውን ቦታው መልሼ፣ መጥረጊያዬን ይዤ ዝም እል ነበር። አውቃለሁ፣ ዝም እል ነበር። ሳንቃው ዓይኔ እያየ ይሰነጠቅ ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል። ከዚያ በፊት ስንት ነገር እያወቅኩ «ምንም» ብዬ አሳልፌ ይሆን?

አሁን ራውተሩ የእኔ ሥራ ነው። ከጃጁራም ከዱራሜም ሰፋፊ ሳንቃ ይመጣልኛል። የተለወጠው ትልቁ ነገር ግን እሱ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ በድሩ የመስኮት ጣውላ ለክተው መጋዙን ሊያስነሱ ሲሉ ልኩ አጭር መሰለኝ። ልቤ እንደ ድሮው ደረቴን መታ። «ጋሽ በድሩ፣ ይቁሙ! ስህተት ነው!» አልኩ። ደንበኛውም፣ ተሾመም፣ ሁሉም ዞሮ አየኝ። ጋሽ በድሩ መነጽራቸውን አስተካክለው እንደገና ለኩ።

ልክ ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ተሾመ ከሳቁ ብዛት ግድግዳ ተደገፈ። ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ጋሽ በድሩ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አንስተው ሰጡኝና፣ «በይ፣ የሚቀጥለውን አንቺ ለኪ» አሉኝ። ተቀበልኳቸውና ለካሁ።